የኤስቲአይ ፍሪሲዮን ቅየራ፦ ምን ዓይነት ሸራ ይሻላል? እንዴትስ ይሟሻል?

ሰማያዊ_ሱባሩ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ2011 ሱባሩ ኤስቲአይ ነው፣ ባለ 6 ማርሽ፣ 2.5 ሊትር ቱርቦ። ኮምፒውተሩ ጉልበት እንዲጨምር ቱዩን ተደርጓል፣ ከቱርቦው ጀምሮ ያለው የጭስ ማውጫም ተቀይሯል። ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ጎማው ጋ የሚደርሰው ቶርክ (የማዞር ኃይል) 300 ፉት ፓውንድ ገደማ ነው። በ4ኛ ማርሽ ከ3,000 ዙር ጀምሮ ነዳጅ ሙሉ ሲሰጠው ዙሩ ዘሎ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን አይከተለውም። ፍሪሲዮኑ ፋብሪካው የገጠመው ነው። የትኛው ዓይነት ይሻለኛል? ቮላኖውንስ (ሸራው የሚይዝበትን ከባድ የብረት ክብ) አብሬ ልቀይር? ሲገጠም ምን ላስጠንቅቅ? ከዚያ በኋላስ ስንት ማይል በቀስታ ልንዳው? እዚህ ያለ አንዱ 500 ማይል ይላል፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም ይላል።

ኩሽኔታ

ሸራው (ዲስኩ ላይ ያለው የሚይዘው ሽፋን) አልቋል ብለህ ካምቢዮ ከማስወረድህ በፊት ሁለት ነገር አጣራ።

አንደኛ፣ የፔዳሉን ልቅነት። በእጅህ ቀስ ብለህ ስትገፋው፣ የላይኛውን ፓምፕ (ፔዳሉ የሚገፋውን የፍሪሲዮን ዘይት ፓምፕ) ፒስተን ከመንካቱ በፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር በነጻ መሄድ አለበት። ልቅነት ከሌለው ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ ዘይቱ ወደ ጎድጓዳው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ ተዘግታ ትቀራለች። ሞተሩ ሲሞቅ መስመሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይስፋፋል፣ መውጫ ያጣል፣ አንተ ሳትረግጠው ፍሪሲዮኑን በትንሹ ይከፍትልሃል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚንሸራተት መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄ ነው። አዲስ ፍሪሲዮንም በዚሁ ይቃጠላል።

ሁለተኛ፣ ዘይት። ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ከታች እርጥበት ካለ፣ ሸራው ዘይት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ አንተ ያልከው ትክክለኛ የፍሪሲዮን መንሸራተት ምልክት ነው። ፈተናውን ግን ደጋግመህ አታድርገው። አንድ ጊዜ በተንሸራተተ ቁጥር ቮላኖው ላይ ሙቀት እየጨመርክ ነው።

ቶርክ_ስሌት

«ስቴጅ 1»፣ «ስቴጅ 2» የሚለውን የፍሪሲዮን ሻጮች ደረጃ ለጊዜው እርሳው። ያ ስያሜ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የአንዱ ስቴጅ 2 የሌላው ስቴጅ 1 ነው። ቁጥሩን ተመልከት።

ፍሪሲዮን የሚሸከመው ቶርክ የአራት ነገሮች ብዜት ነው፦ የሸራው የሰበቃ መጠን፣ ፕሬዠር ፕሌቱ (ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ሳህን) የሚጫንበት ኃይል፣ የሸራው አማካይ ራዲየስ፣ እና የሚነካካው የገጽ ብዛት። የኤስቲአይ ዲስክ 240 ሚሊ ሜትር ነው፣ አማካይ ራዲየሱን ወደ 0.1 ሜትር ውሰደው። ባለ አንድ ዲስክ ስለሆነ ገጹ 2 ነው። እንግዲህ ለምሳሌ ሰበቃው 0.3፣ የመጫኛ ኃይሉ 7,000 ኒውተን ቢሆን፦ 0.3 × 7,000 × 0.1 × 2 = 420 ኒውተን ሜትር። ፋብሪካው ለአሜሪካ ገበያ ለዚህ ሞተር የሰጠው ቶርክ 290 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም 393 ኒውተን ሜትር ነው። ህዳጉ ምን ያህል ጠባብ ሊሆን እንደሚችል ታያለህ።

አንተ ጎማ ላይ 300 ፉት ፓውንድ ካለህ፣ ከሞተሩ እስከ ጎማው በመሃል የሚጠፋው ሲደመር ክራንክ ሻፍቱ ላይ ወደ 360፣ ማለትም 490 ኒውተን ሜትር ገደማ ነህ። ከ20 እስከ 25 በመቶ ትርፍ ስትጨምርበት ወደ 600 ኒውተን ሜትር የሚሸከም ፍሪሲዮን ያስፈልግሃል። እዚያ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ሸራውን እንዳለ ትተህ ፕሬዠር ፕሌቱን ወደ 10,000 ኒውተን ታጠነክራለህ፣ ወይ ደግሞ ሰበቃውን ወደ 0.4 ከፍ አድርገህ ጫናውን 7,500 ላይ ታቆያለህ።

የመጀመሪያው መንገድ ዋጋው እግርህ ላይ ነው። ፔዳሉ ይከብዳል፣ በረገጥከው ቁጥርም ያ ኃይል በሙሉ ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ በሚይዘው ብሮንዚና ላይ ያርፋል። በዚህ ሞተር ላይ እሱ የመጨረሻው፣ ካምቢዮው አጠገብ ያለው 5ኛው ነው። ስለዚህ ጠንካራ ፕሬዠር ፕሌት ያለው ሰው ቀይ መብራት ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ አይቆምም፤ ማርሹን አውጥቶ እግሩን ያነሳል።

የሁለተኛው መንገድ ዋጋ ደግሞ አነሳሱ ላይ ነው። የተለመደው ኦርጋኒክ ሸራ ለስላሳ ነው፣ ስህተት ይችላል፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ግን ይለሰልሳል። ኬቭላር የተቀላቀለበት ዕድሜው ረጅም ነው፣ ለሟሟሻው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አንዴ ካቃጠልከው የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው። ሲንተርድ ወይም ሴራሜታሊክ የሚባለው፣ በቁራጭ በቁራጭ የተሠራው፣ ሙቀት አይፈራም፣ ግን ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፣ መሃል የለውም። በከተማ ትራፊክ ያንገጫግጭሃል፣ ቮላኖውንም ቶሎ ይበላዋል።

ለአንተ ቁጥር እኔ የምመርጠው ሙሉ ክብ ኦርጋኒክ ዲስክ ከጠነከረ ፕሬዠር ፕሌት ጋር ነው።

ዙር_ቀይ

ኦርጋኒክ ለቱርቦ መኪና? ባለ ስድስት ቁራጭ ሲንተርድ ግባና ተገላገል። አይንሸራተትም፣ ሟሟሻም ብዙ አይጠይቅህም።

ቶርክ_ስሌት

ለትራክ መኪና ብትለኝ እስማማለሁ። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ግን አልስማማም። ሱባሩ አራቱም ጎማ ስለሚገፋ፣ ከቆመበት በኃይል ሲነሳ ጎማው አይሽከረከርም። የኋላ ጎማ ብቻ በሚገፋ መኪና ላይ ትርፉ ቶርክ ጎማው ሲዞር ይተነፍሳል፤ እዚህ ግን የሚለቅ ነገር ያስፈልጋል፣ የሚለቀውም ፍሪሲዮኑ ነው። ፍሪሲዮኑን ጨርሶ የማይለቅ ካደረግከው ድንጋጤው ወደ ካምቢዮው ጥርስና ወደ ሰሚያሶቹ (ከካምቢዮው ወደ ጎማ ወደሚሄዱት ዘንጎች) ይሄዳል። ከካምቢዮ ጥርስ ሸራ ይረክሳል።

ዙር_ቀይ

እሺ፣ ለመንገድ መኪና ገብቶኛል። ግን ትራክ ልሂድ ካለ ኦርጋኒኩን ሁለት ጊዜ መግዛቱ ነው።

ሰማያዊ_ሱባሩ

ትራክ የለኝም፣ ሥራ መመላለሻ ነው። ኦርጋኒክ እሆናለሁ። ቮላኖውስ? ቀላል ክብደት ያለው ልግዛ ወይስ የድሮውን ላስተካክል?

ቮላኖ_ነኝ

የድሮው ቮላኖ ካልተሰነጠቀ ይስተካከላል፣ ግን በትክክለኛው ማሽን። ሸራው ሲንሸራተት ብረቱ በየቦታው ይሞቅና ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ይሠራል። እነዚያ ቦታዎች ከሌላው ይልቅ ይጠነክራሉ። በተራ ቶርኖ ሲቆረጥ ቢላው ጠንካራው ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ይገፋና ጉብታ ትቶ ያልፋል። በዓይን ለስላሳ ይመስላል፤ ስትነዳው ግን በየዙሩ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ በድንጋይ የሚስል ማሽን ያለው ቤት ውሰደው፣ ያም ነጠብጣቡ እስኪጠፋ ድረስ። ከተሳለ በኋላ ነጠብጣቡ ከቀረ ወይም የፀጉር ስንጥቅ ከታየ አዲስ ግዛ።

ቀላል ቮላኖ ዙሩ ቶሎ እንዲወጣና እንዲወርድ ያደርጋል፣ ማርሽ ስትቀንስ ደስ ይላል። ከቆመበት ሲነሳ ግን ሞተሩ ቶሎ ይጠፋብሃል፣ ማርሹ ሳይገባ ፍሪሲዮን ስትለቅ ካምቢዮው ውስጥ የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ብልሽት አይደለም፤ ከባዱ ቮላኖ ይውጠው የነበረው የሞተሩ ምት ነው። በጣም ቀላል ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ የክራንክ ሻፍቱን መወዛወዝ እንደ ማቃጠል ጉድለት ቆጥሮ የቼክ ኢንጂን መብራት ሊያበራብህ ይችላል። ለሥራ መመላለሻ የፋብሪካው ክብደት፣ ወይም ከሱ ትንሽ ብቻ የሚያንስ ይበቃሃል።

አንድ ነገር ልብ በል፦ በሱባሩ ፓይለት ኩሽኔታው (የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት) ያለው ክራንክ ሻፍቱ ውስጥ ሳይሆን ቮላኖው መሃል ላይ ነው። አዲስ ቮላኖ ስትገዛ ተገጥሞበት መምጣቱን ጠይቅ። የድሮውን ካስሳልከው አዲስ ኩሽኔታ ይግባበት፣ ሲገፋም በውጭ ቀለበቱ ላይ እንጂ በውስጠኛው ላይ አይመታም።

ኩሽኔታ

አሁን ወደ ገጠማው። ጋራዥ ብትሰጠውም ይሄን አንብበው፤ ምን እንደምትጠይቅ ታውቃለህ።

የሚገዛው፦ ዲስክ፣ ፕሬዠር ፕሌት፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ (ፔዳሉ ሲረገጥ ፕሬዠር ፕሌቱን የሚያስለቅቀው)፣ ፓይለት ኩሽኔታ፣ ዲስኩን ማዕከል የሚያስይዘው የፕላስቲክ ዘንግ፣ አዲስ የቮላኖ ቡሎኖች፣ የካምቢዮ ዘይት፣ ዶት 4 የፍሬን ዘይት (ለፍሪሲዮኑ መስመር)፣ ሁለት ሦስት ጣሳ ብሬክ ክሊነር። ባለ 6ቱ ማርሽ ካምቢዮ 4.1 ሊትር ይይዛል። ሰሚያሶቹ ሲወጡ ዘይቱ ስለሚፈስ ሙሉውን መቀየር ይሻላል።

ባትሪው ይፈታል፣ ላይ ያለው ኢንተርኩለር (የቱርቦው አየር ማቀዝቀዣ) ይወርዳል፣ ከሥሩ የታችኛው ፓምፕና ሞተሪኖው ይገኛሉ። ፓምፑን ከቱቦው ሳትፈታ ወደ ጎን አስረው፣ ፔዳሉንም ማንም አይርገጠው፤ ከተረገጠ ፒስተኑ ተፈናጥሮ ይወጣል።

እዚህ ጋ ነው ከሌላ መኪና የመጣ መካኒክ የሚሳሳተው። የዚህ መኪና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዲያፍራሙን (የፕሬዠር ፕሌቱን ክብ ጸደይ) የሚጎትት እንጂ የሚገፋ አይደለም። ኩሽኔታው ፕሬዠር ፕሌቱ ላይ ተቆልፏል። ቡሎኖቹን ፈትቶ ካምቢዮውን ዝም ብሎ የሚጎትት ሰው ፎርኩን (ኩሽኔታውን የሚያንቀሳቅሰውን ሹካ) ወይም ኩሽኔታውን ይሰብራል። በቅድሚያ ካምቢዮው ጎን ላይ ያለው ጣፋ (መድፈኛ) በ10 ቁጥር አለን ቁልፍ ይፈታል፤ ውስጡ ፎርኩን የያዘ ዘንግ አለ፣ ጫፉ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ታስሮበት ይጎተታል። ከዚያ ፎርኩ ወደ ላይ ተነስቶ ከኩሽኔታው ጆሮዎች ይላቀቃል። ካምቢዮው የሚወርደው ይሄ ካለቀ በኋላ ነው።

ካምቢዮው ሲወርድም ሲወጣም በካምቢዮ ክሪክ ላይ ይሁን። መግቢያ ዘንጉ ዲስኩ ውስጥ እያለ ክብደቱ እንዳይንጠለጠልበት። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን የዲስኩን መሃል ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ዲስክ ደግሞ ፔዳል ወለል ድረስ ተረግጦም አይለቅም።

ቮላኖው ሲወርድ ከኋላው ሦስት ቦታ በባትሪ መብራት እዩ፦ የክራንክ ሻፍቱ ፓራዎሊዮ (ዘይት የሚያግደው ጎማ)፣ የዘይት መለያው ሳህን፣ እና የፒስተን ፒን መግቢያው ክብ ክዳን። ፓራዎሊዮው ደረቅ ከሆነ አትንኩት፤ ደህናውን ነቅሎ አጣሞ የሚገጥም ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ «ፓራዎሊዮ ነው» እየተባለ የሚታማው ዘይት የሚመጣው ከመለያው ሳህን ነው። የድሮዎቹ ሱባሩዎች ላይ ፕላስቲክ ነበር፣ ይጣመማል፤ የብረቱ ይገባል። ክዳኑ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ኦሪንጉ ይቀየር።

የቮላኖው 8 ቡሎኖች በኮከብ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ሦስት ዙር፣ እስከ 72 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ። ያ 53 ፉት ፓውንድ ነው። ከዚያ የቮላኖውም የፕሬዠር ፕሌቱም ገጽ በብሬክ ክሊነርና በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። አዲስ ዕቃ ዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ቤንዚን አይሆንም፣ ቅባት ትቶ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ገጹን በጣት መንካት የለም።

ዲስኩ ጎን አለው፤ «የቮላኖ ጎን» የሚል ጽሑፍ አለበት። ጸደዮቹ የሚያብጡበት ጎን ወደ ካምቢዮ ነው። ተገልብጦ ከገባ መሃሉ የቮላኖ ቡሎኖቹን ይነካል፣ ማርሽም አይገባም፣ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ነው። የመግቢያ ዘንጉ ጥርስ ላይ ግራሶ በጣም ስስ ይቀባ፣ ዲስኩ ሁለቴ ይመላለስበት፣ ከዚያ ዲስኩ ወጥቶ የተገፋው ትርፍ በሙሉ ይጠረግ። ትርፉ ካልተጠረገ ሲዞር ተወርውሮ ሸራው ላይ ያርፋል።

የፕሬዠር ፕሌቱ ቡሎኖች 15.7 ኒውተን ሜትር ብቻ ናቸው፣ 11.6 ፉት ፓውንድ። ትንሽ ቁጥር ነው፣ ግን ትክክል ነው። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ሽፋኑን ያጣምማል፤ እያንዳንዱን አንድ ወይም ሁለት ዙር፣ በተቃራኒ በተቃራኒ። በአየር ሽጉጥ አይሆንም።

ካምቢዮው ሲገጠም በእጅ ተገፍቶ ከሞተሩ ጋር ፊት ለፊት መነካካት አለበት። ክፍተት ቀርቶ ቡሎን እያጠበቁ መሳብ የለም፤ አልገባም ካለ ወይ ዲስኩ መሃል አልያዘም፣ ወይ ጥርሱ አልገጠመም፣ ክራንክ ሻፍቱን በትንሹ አዙሮ እንደገና መሞከር ነው። ሞተርና ካምቢዮ የሚያያይዙት ቡሎኖች 50 ኒውተን ሜትር፣ የፎርክ ዘንጉ ጣፋ 44። ጣፋውን ከመዝጋት በፊት ፎርኩን በእጅ ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነው፤ ኩሽኔታው ካልተቆለፈ ልቅ ብሎ ይመጣል፣ ከተቆለፈ የዲያፍራሙን ጥንካሬ እጅህ ላይ ትሰማዋለህ።

ቮላኖ_ነኝ

«ኩሽኔታ» የጻፈው በቂ ነው፣ አንድ ልጨምር። የፍሪሲዮን ኩሽኔታው የሚንሸራተትበትን የካምቢዮ አፍንጫ በጥፍር ዳስሱት። በተለይ ባለ 5 ማርሹ ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ ላይ ይበላና እርከን ይሠራል፤ ያ እርከን ፔዳሉን እያንቀጠቀጠ ያስጮኸዋል። የሚለበስ የብረት ሽፋን አለው፣ ካምቢዮው ወርዶ እያለ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

የላይ_ፓምፕ

የፍሪሲዮን መስመሩን ዘይት ማስተንፈስ ማንም አላነሳም። ካምቢዮው ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉ ወለል ላይ ተኝቶ ቢቀር አትደናገጡ፣ ሱባሩ አየር ሲገባበት እንዲህ ነው። በእጅ ወደ ላይ እየተመለሰ፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ እየረገጠ፣ ሌላው የታችኛው ፓምፕ ላይ ያለውን መተንፈሻ እየከፈተና እየዘጋ፣ አረፋ እስኪጠፋ ይቀጥላል። ፔዳሉን በፍጥነት መደብደብ አየሩን ሰባብሮ አረፋ ያደርገዋል እንጂ አያወጣውም። ጎድጓዳው ትንሽ ስለሆነች በየአምስት ስድስት ርግጫ ተመልከቷት፤ ባዶ ሆና አየር ከሳበች ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ «ኩሽኔታ» መጀመሪያ የጠቀሰው የፔዳል ልቅነት እንደገና ይለካ። አዲሱ ፕሬዠር ፕሌት የድሮው በያዘበት ቦታ አይይዝም። በድሮው ልክ የተተወ ፔዳል አዲሱን ፍሪሲዮን ገና ሳይሟሽ ሲያቃጥለው ማየት የተለመደ ነው።

ሰማያዊ_ሱባሩ

እናመሰግናለን፣ ይሄን አትሜ ለመካኒኩ እሰጠዋለሁ። አሁን ወደ ሮዳጆው (ወደ ማሟሸቱ)። 500 ማይል እውነት ነው ወይስ የሻጭ ወሬ?

ቶርክ_ስሌት

እውነት ነው፣ ግን ሰው የሚቆጥረው የተሳሳተ ነገር ነው። ማይል ሸራ አያሟሽም። የሚያሟሸው ይዞ መልቀቁ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተህ በ95 ሀይዌይ ፊላዴልፊያ ደርሰህ ብትመለስ ወደ 250 ማይል ሄደሃል፤ ፍሪሲዮኑ ግን ምናልባት ሃምሳ ጊዜ ነው የሠራው። ከተማ ውስጥ በየመብራቱ እየቆምክ 30 ማይል ብትነዳ ከዚያ የበለጠ ትሠራለህ። ፋብሪካዎቹ 500 ማይል ሲሉ የከተማ ማለታቸው ነው። ሥራህ በሀይዌይ ከሆነ ለሁለት ሦስት ሳምንት መንገድህን በመሃል ከተማ አድርገው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አዲስ ሸራና አዲስ የተሳለ ብረት መጀመሪያ ሲገናኙ የሚነካካው ከፍ ከፍ ያለው ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ፍሪሲዮንህ 600 ኒውተን ሜትር የሚሸከም አይደለም፣ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሙሉ ነዳጅ ብትሰጠው ይንሸራተታል፤ ጥቂቶቹ ነጥቦች ያን ሁሉ ሙቀት ይሸከማሉ፤ ሸራውን ያያያዘው ሙጫ ወደ ገጹ ይወጣና እንደ መስታወት ይጠነክራል። ከዚያ ወዲያ ቀስ ብለህ ብትነዳውም ያ መስታወት አይለቅም፣ ሰበቃው ወርዶ ይቀራል። «ከፋብሪካው ደካማ ነበር» ተብሎ የሚመለሰው አብዛኛው ፍሪሲዮን እንዲህ የሆነ ነው።

ስለዚህ በእነዚያ 500 ማይሎች፦ ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር ላይ ተነስ፣ ቶሎም አትልቀው፣ ጎትተህም አታቆየው። ማርሽ በ3,000 ዙር አካባቢ ቀይር። ቱርቦው ሙሉ በሙሉ እንዲነፋ አታድርግ፤ ከፍ ባለ ማርሽ ከታች ዙር ነዳጅ መስጠት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ትልቁ ቶርክ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዘህ አታቁም፣ ፍሬን አለልህ። ተጎታች መጎተት፣ ሰው ሞልቶ ተራራ መውጣት ይቆይ። በማርሽ ፍጥነት መቀነስ ይቻላል፣ ግን ዙሩን አስተካክለህ ልቀቀው።

ደግሞ ፈርተህ እንደ እንቁላል አትያዘው። ጨርሶ ሳይሞቅ የቀረ ሸራም አይሟሽም። መደበኛ የከተማ አነዳድ በቂ ሙቀት ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል ያለ ሽታ ቢኖር ችግር የለውም። ጭስ ወይም የሚያፍን ሽታ ከመጣ ቁም፣ ለግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ምክንያቱን ፈልግ።

500ው ሲያልቅም በአንድ ቀን ወደ ሙሉ ነዳጅ አትግባ። መጀመሪያ በ3ኛ ማርሽ ከ3,500 ዙር በላይ ሙሉ ስጠው፣ ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ከወጡ በሚቀጥለው ቀን በ4ኛ፣ ከዚያ በ5ኛ። በየመሃሉ አቀዝቅዘው።

ዙር_ቀይ

ሲንተርድ ብትገዛ ኖሮ ይሄን ሁሉ ባላነበብክ 😄

የእንጦጦ_ዳገት (አዲስ አበባ)

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ጋ ያለው ባለ 5 ማርሹ ደብልዩአርኤክስ ነው፣ 2.0 ቱርቦ። ኦሪጅናል ዲስክ ከውጭ እስኪመጣ ይቆያል። እዚህ ሸራውን ነቅለው አዲስ የሚያስሩ አሉ። ያዋጣል? ሰፈሬ ደግሞ ሽቅብ ነው፣ ሟሟሻውን እንዴት ላድርገው?

ኩሽኔታ

ወንድሜ፣ ለጭነት መኪና የሚታሰር ሸራ ለቱርቦ ሱባሩ አይሆንም። ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ውፍረቱ ነው፤ ከመጀመሪያው ትንሽ ከወፈረ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ከቀጠነ ጫናው ይቀንሳል። ሌላው ከሸራው ሥር ያለው ሞገዳማ ቆርቆሮ ነው። ለስላሳ አነሳስ የሚሰጥህ እሱ ነው፣ የድሮው ዲስክ ላይ ግን ተጨፍልቆ አልቋል፣ አዲስ ሸራ ቢታሰርበትም አይመለስም። መሃሉ ላይ ያሉት ጸደዮችም ያረጁ ናቸው። ትንሽ ጠብቀህ አዲሱን 230 ሚሊ ሜትር ከነፕሬዠር ፕሌቱ አስመጣ።

ለሟሟሻው፣ መጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሽቅቡን ጠዋት መንገዱ ነጻ ሲሆን ውጣው። የሚጎዳህ ሽቅቡ ሳይሆን ሽቅብ ላይ ያለው ወረፋ ነው፣ በየሜትሩ እየተነሱ መቆም። ቦሌ አካባቢ ያለው ሜዳ መንገድ ለሥራው የተሻለ ነው። ዳገት ላይ መቆም ግድ ከሆነ የእጅ ፍሬን ጎትት፣ ፍሪሲዮኑ መያዝ ሲጀምር ልቀቀው።

ሰማያዊ_ሱባሩ

ተገጥሞልኝ ወጣ። ቮላኖው ተስሏል፣ የመለያው ሳህን የብረት ነበር ግን ዙሪያው ያንጠባጥብ ስለነበር እንደገና ታሽጓል። አነሳሱ ለስላሳ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ሲሞቅ፣ ቆሜ 1ኛ ማርሽ ለማስገባት ይከብዳል። ሞተሩ ሲጠፋ ያለ ችግር ይገባል።

የላይ_ፓምፕ

ሞተሩ ጠፍቶ የሚገባ ከሆነ ካምቢዮው ጤነኛ ነው፣ ፍሪሲዮኑ ነው ሙሉ በሙሉ የማይለቀው። ሲሞቅ አስቸግሮህ እያለ ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ረግጠህ ወዲያው ማርሹን ሞክር። በሁለተኛው ርግጫ ከቀለለ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፣ ሲሞቅ ይሰፋል፤ እንደገና ይተንፈስ። ካልቀለለ ልቅነቱን ያበዙት ይመስለኛል፣ የፔዳሉ ጉዞ ሳይለቅ ያልቅበታል። በዚያ ጊዜ የላይኛው ፓምፕ ዘንግ ላይ ያለው ዳዶ ፈትቶ በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር ማስረዘም ነው። ልቅነቱ ጨርሶ እንዳይጠፋ ግን።

ሰማያዊ_ሱባሩ

በሁለተኛው ርግጫ ቀለለ። ነገ ይተነፈሳል።

የላይ_ፓምፕ

የታችኛው ፓምፕ ጎማውን ገልጠው ውስጡ እርጥብ መሆኑን ይዩልህ። እርጥብ ከሆነ አየሩን የሚያስገባው እሱ ነው፣ ስንቴ ቢተነፈስ ይመለሳል፤ ኢንተርኩለሩ ወርዶ እያለ ፓምፑን ቀይረው።

ኩሽኔታ

እስኪስተካከል ድረስ ማርሹን እየገፋህ አታስገባው፣ የ1ኛውን ሲንክሮ (ማርሹ ያለ ግጭት እንዲገባ የሚያደርገውን ቀለበት) ትበላዋለህ። መብራት ላይ ከአስቸገረህ መጀመሪያ 2ኛ አስገብተህ ዘንጉን አቁም፣ ከዚያ 1ኛ። እስካሁን የነዳኸውን ማይል ግን ከ500ው ቁጠረው፣ አልጠፋም።